የአየር ሰዓቱን ማን ይከፍላል? ስለ ክርስቲያናዊ ሚዲያና ስለ ማስታወቂያ

ክርስቲያናዊ ቴሌቪዥን፣ ራዲዮና ዩቲዩብ የሚከታተል ሰው ሁሉ ሊያነሳው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ስብከቱ ቤታችን ድረስ እንዲመጣ የሚወጣው ገንዘብ ከየት ይገኛል? ጥያቄው የሒሳብ ሹሙን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ የስብከቱን ርዕስ፣ ርዝመትና ድምፀት ይወስናል፤ አልፎ ተርፎም እግዚአብሔር በስክሪን ላይ ምን ዓይነት አምላክ ሆኖ እንደሚቀርብ ይወስናል። ይህን ለማየት ከአሜሪካ መነሳት ይሻላል። ዛሬ በአማርኛ ፕሮግራሞች ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘዴዎች መጀመሪያ የተሞከሩት እዚያ ነውና። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጻው ሰዓት እንዴት ለሽያጭ ቀረበ

በራዲዮ የተላለፈው የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በጃንዋሪ 1921 በፒትስበርግ ከተማ ኬዲኬኤ በተባለው ጣቢያ የተሰማ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት ትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች ለሃይማኖት ዝግጅት ሰዓት በነጻ ይሰጡ ነበር። ፈቃዳቸው እንዲታደስ ሕዝብን እንደሚያገለግሉ ለመንግሥት ማሳየት ነበረባቸው፤ እሑድ ጠዋት የሚተላለፍ ስብከት ደግሞ ለዚህ ይቆጠርላቸዋል። ነጻው ሰዓት የሚደርሰው በአብዛኛው ለነባሮቹ ቤተ እምነቶች ነበር። ወንጌላውያኑ ሰዓት እየገዙ ነበር የሚሰብኩት። ሰዓት ይሸጥላቸው የነበረው ሚውችዋል የተባለ ኔትወርክ በሩን ማጥበብ ሲጀምር፣ በ1944 ተሰባስበው ብሔራዊ የሃይማኖት ብሮድካስተሮች ማኅበርን መሠረቱ።

ነገሩን የለወጠው የ1960 ውሳኔ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ገንዘብ የተከፈለበት የሃይማኖት ዝግጅትም እንደ ሕዝብ አገልግሎት ሊቆጠር ይችላል አለ። የጣቢያ ባለቤት ሆናችሁ አስቡት። ያው ሰዓት በነጻ ቢሰጥም ቢሸጥም በመንግሥት ፊት የሚያስገኘው እኩል ከሆነ፣ በነጻ የሚሰጥበት ምክንያት አይኖርም። በ1959 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከሚተላለፈው የሃይማኖት ዝግጅት 53 በመቶው የተከፈለበት ነበር። በ1977 ወደ 92 በመቶ አደገ። ገንዘብ የማይጠይቁትን ሰባኪዎች ማንም አልከለከላቸውም፤ ዋጋውን መክፈል ስላልቻሉ ብቻ ከአየር ላይ ወረዱ። የቀሩት በአንዷ ሰዓት ውስጥ የዚያችኑ ሰዓት ዋጋ መሰብሰብ የሚችሉት ናቸው።

ይህን አንድ ነጥብ የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ይረዳዋል።

ከ10 ዶላር እስከ ዘሩ

ፓት ሮበርትሰን ቨርጂኒያ ውስጥ ፖርትስማውዝ በምትባል ከተማ አንድ አነስተኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ ገዝቶ በ1961 ሥራ አስጀመረ። በ1963 ወጪውን መሸፈን ሲያቅተው ለተመልካቹ ጥሪ አቀረበ፤ በየወሩ 10 ዶላር የሚሰጡ 700 ሰዎች ከተገኙ የጣቢያው የወር ወጪ ይሸፈናል አለ። የታወቀው 700 ክለብ የተባለው ፕሮግራም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በኋላ ሮበርትሰን በፖለቲካ የተናገረውን ሁሉ ወደ ጎን ትተን ጥሪውን ብቻ ስናየው ነውር አላገኝበትም። ወጪው ተነግሯል፣ የሚፈለገው ሰው ቁጥር ተነግሯል፣ ሰጪው ለምን እንደሚሰጥ ያውቃል። በእኛም ዘንድ ደብር ሲሠራ ቆርቆሮ ስንት እንደጎደለ በአውደ ምሕረት ይነገራል፤ ሰው እንደ አቅሙ ይሰጣል።

ለውጡ የመጣው ኦራል ሮበርትስ በ1970 ስለ ዘር እምነት በጻፈው መጽሐፍና ከዚያ በኋላ በተስፋፋው ትምህርት ነው። ስጦታው ዘር ነው፤ የዘራ ያጭዳል፤ ስለዚህ ሰጪው ተመላሽ መጠበቅ አለበት። ከዚህ በኋላ ጥሪው የጣቢያውን ጉድለት መናገሩን ትቶ የተመልካቹን ጉድለት መናገር ጀመረ። ዕዳ አለብህ? ልጅሽ ታማለች? ሥራ አጥተሃል? ማስታወቂያ የሚሠራውም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያ ጉድለትህን ያሳይሃል፣ ቀጥሎ መድኃኒቱን ያቀርብልሃል፣ በመጨረሻ ጊዜው እያለቀ መሆኑን ይነግርሃል። ሮበርትስ ራሱ በ1987 መጀመሪያ ላይ እስከ ማርች መጨረሻ 8 ሚሊዮን ዶላር ካልተገኘ እግዚአብሔር ወደ ራሱ እንደሚጠራው ለተመልካቾቹ ነገራቸው። ገንዘቡ ተገኘ። ያን ጊዜ ብዙ አሜሪካውያን ክርስቲያኖች በሐፍረት አንገታቸውን ደፍተዋል፤ እኔም ታሪኩን ሳስተምር ሁልጊዜ ይከብደኛል።

አንድ ሆቴል፣ 66,000 ባለመብት

ስጦታና ሽያጭ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚከተል የጂም ቤከር ታሪክ ከየትኛውም ይበልጥ በግልጽ ያሳያል። ቤከርና ባለቤቱ ታሚ ፌይ ፒቲኤል በተባለው የቴሌቪዥን አገልግሎታቸው ከታወቁ በኋላ በ1978 ሳውዝ ካሮላይና ፎርት ሚል አካባቢ ሄሪቴጅ ዩኤስኤ የተባለ የክርስቲያኖች መዝናኛ ከፈቱ። የውሃ መጫወቻ፣ የገበያ አዳራሽ፣ ሆቴልና የጸሎት ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ።

ከ1984 ጀምሮ ቤከር በቴሌቪዥን የዕድሜ ልክ አጋርነት ማቅረብ ጀመረ። 1,000 ዶላር የሰጠ ሰው በየዓመቱ ሦስት ሌሊት ግራንድ በተባለው ሆቴል ያለ ክፍያ ያድራል። የሆቴሉ ክፍሎች 500 ያህል ናቸው። አጋሮቹ ከ25,000 እንደማይበልጡም ተነገረ። እስቲ አስሉት። 500 ክፍል በ365 ሌሊት ሲባዛ 182,500 ነው። ለሦስት ስናካፍለው፣ ሆቴሉ ዓመቱን ሙሉ ሌላ እንግዳ ባያስገባ እንኳ 61,000 አጋሮችን አያስተናግድም። የተሸጠው ከ66,000 በላይ ነበር። በሌሎች ማረፊያዎች ስምም ተመሳሳይ አጋርነት ተሸጠ፤ አብዛኞቹ ማረፊያዎች ግን ተሠርተው አላለቁም። በጠቅላላው ከ150,000 በላይ አጋርነት ተሸጦ ቢያንስ 158 ሚሊዮን ዶላር ገባ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ለቴሌቪዥኑ የየዕለት ወጪና ለቤከር ቤተሰብ የተንደላቀቀ ኑሮ ዋለ። በ1989 ቤከር በ24 የማጭበርበርና የሤራ ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 45 ዓመት ተፈረደበት። በኋላ ቅጣቱ ወደ 8 ዓመት ዝቅ ተደርጎለት በ1994 ተፈታ።

አጋሮቹ ይህን ቀላል ሒሳብ ለምን አላሰሉም? ብዙዎቹ ጡረተኞችና ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ሞኞች አልነበሩም። መልሱ የስጦታውና የሽያጩ መቀላቀል ላይ ነው ያለው። ገዢ ቢሆኑ ኖሮ ውል ይጠይቁ ነበር፣ ስንት ክፍል ለስንት ሰው እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። ሰጪ ነን ብለው ስላሰቡ መጠየቁ እምነት ማጉደል መሰላቸው። በሌላ በኩል ስጦታቸውም ንጹሕ ስጦታ አልሆነም፤ ሦስት ሌሊት ተያይዞበታልና። በአንድ ጊዜ የገዢን መብትና የሰጪን ነጻነት አጡ።

ቤከር ከእስር ከወጣ በኋላ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ የብልጽግና ትምህርቱ ስሕተት እንደነበር ጽፏል። ያን ንስሐ አክብሬ ነው የማስተምረው። የሚያሳዝነው፣ በ2003 ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ ፕሮግራሙ እንደገና በሽያጭ መተዳደሩ ነው፤ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ምግብ በባልዲ እየተሞላ ይሸጥበት ነበር። በ2020 መጀመሪያ ላይ በዚያው ፕሮግራም ለኮሮና ቫይረስ ይረዳል የተባለ የብር ማዕድን ያለበት ፈሳሽ ቀረበ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በማርች ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ የሚዙሪ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰ፤ በ2021 ለገዢዎች 156,000 ዶላር ያህል እንዲመለስ በስምምነት ተዘጋ። ሰውየው ቢጸጸትም ሰዓቱ አሁንም መከፈል ነበረበት።

ገንዘብ የማይለምነውም ገበያ አለው

ልመናና የጸሎት ዘይት ሽያጭ የሌለበት ንጹሕ የመዝሙር ራዲዮስ? እዚያም ገበያው አለ፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በዝምታ ነው። በአሜሪካ የክርስቲያን ሙዚቃ ራዲዮ ሰዎች ዘንድ ቤኪ የምትባል ሴት በደንብ ትታወቃለች። ቤኪ በእውን የለችም። በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር የምትኖር፣ ልጆቿን በመኪና የምታመላልስ እናት ተብላ የተሣለች አድማጭ ናት። አንድ መዝሙር በጣቢያው ይሰማ አይሰማ የሚለው፣ ቤኪ ጣቢያ ትቀይራለች ወይስ ትሰማለች በሚለው ይለካል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ኀዘን፣ ቁጣ፣ ጥርጣሬ፣ ሞት ያለባቸው መዝሙሮች ወንፊቱን አያልፉም። የዳዊትን መዝሙር በየቀኑ የሚደግም ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ከዳዊት ውስጥ ልቅሶውንና አቤቱታውን ብታወጡ የቀረው መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚሳሳ አስቡ። ማንም ጳጳስ ወይም ሲኖዶስ ልቅሶን አልከለከለም፤ አንዲት በሐሳብ የተፈጠረች ሸማች ከለከለችው። ዛሬ በአማርኛ የሚወጡ ብዙ አዳዲስ መዝሙሮች ስለ ድልና ስለ ከፍታ ብቻ ሲሆኑ ስሰማ፣ የእኛ ቤኪ ማን እንደሆነች እጠይቃለሁ።

ወደ አማርኛው አየር

የአዲስ አበባው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በሌላ መንገድ ሊሠራ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ተከፈተ፤ በአማርኛና በብዙ የአፍሪካና የእስያ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። ወጪው በፌዴሬሽኑ በኩል ከአብያተ ክርስቲያናት ይመጣ ነበር። በዚህም ምክንያት ሰባኪው በማይክሮፎኑ ፊት የሰዓቱን ዋጋ መለመን አላስፈለገውም፤ ከስብከትና ከመዝሙር ሌላ ዜና፣ የጤናና የትምህርት ዝግጅትም ሰፊ ሰዓት ነበራቸው። ደርግ በ1977 ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅም ሆነ። በእርግጥ የውጭ ገንዘብ የራሱ ጣጣ አለው፤ ነገር ግን አድማጩ ደንበኛ ሳይሆን ወንጌል የሚሰማበት ጣቢያ በአገራችን እንደነበረ ማወቅ ይገባናል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1999ኙ፣ የሃይማኖት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ እንዳያገኝ ከልክሎ ነበር። አገልግሎቶቹ ከውጭ አገር እየተመዘገቡ በሳተላይት መጡ። የሳተላይት ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ የቻናሉ ባለቤት ኪራዩን ለመሸፈን ሰዓቱን እየቆራረጠ ለአገልጋዮች ይሸጣል፤ ሰዓት የገዛው አገልጋይም ወደ ተመልካቹ ይዞራል። ይህ በ1960 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነገር ነው፤ ወደ እኛ የገባው ከነሰንሰለቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰባኪ በየ10 ደቂቃው ስለ ዘር ሲናገር ስግብግብ ነው ብዬ አልጀምርም። በመጀመሪያ የምጠይቀው ለዚያች ሰዓት ስንት እንደከፈለ ነው።

ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ልምምድ አለ፤ እናንተም ሞክሩት። አንድ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ምረጡ፤ ወረቀቱን በሦስት ክፈሉት፦ ደቂቃው፣ የሚነገረው፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው። ብዙ የሚያስተምረው ሦስተኛው ዓምድ ነው። ሰባኪው ስለ ዮሴፍ ጉድጓድ እየተናገረ ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይሮጣል። ጥጉ ላይ የሚመጣው ሳምንት ኮንፈረንስ ፖስተር አለ፤ ከጎኑ የጸሎት መስመር ስልኮች በየአገሩ ተደርድረዋል፤ የኢትዮጵያ፣ የአሜሪካ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች። ጆሯችን ስብከት እየሰማ ዓይናችን ማስታወቂያ ያነባል።

ቀጥሎ ምስክርነት ይመጣል። አንዲት እህት እንደሰጠች ትናገራለች፣ ሳምንት ሳይሞላ ሥራ እንዳገኘች ታክላለች። ምስክርነቷ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አልጠራጠራትም። ነገር ግን ሰጥተው ምንም ያልሆነላቸው ሰዎች ወደ ካሜራው አይጠሩም። በእምነት የሚሰማ ምስክርነት በዚህ ምርጫ ምክንያት የምርት ማስታወቂያ ይሆናል። ከዚያ ወደ መዝጊያው ገደማ ጥድፊያው ይጀምራል፤ መስመሩ ሳይዘጋ፣ ሰባት ሰዎች ብቻ፣ ዛሬ ሌሊት ሳያልፍ። ዘይት፣ ውሃ፣ መሀረብ ወይም በር ላይ የሚለጠፍ ስቲከር የሚቀርበውም በዚህ ሰዓት ነው። ይህ የአንድ ቤተ እምነት ችግር ብቻ አይደለም። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ያለ ዋጋ የሚሰጠው ጠበልና እምነት በዩቲዩብ ስልክ ቁጥር ተለጥፎበት ሲቀርብ አይተናል፤ የንግሥ ጉዞ ጥሪውም አንዳንዴ ከአስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ የሚለየው በዝማሬው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፍበት ዋናው ምክንያት ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ተመልካች ነው። ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን እሑድ ቤተ ክርስቲያን የመሄድ ፈቃድ ላይኖራት ይችላል። ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ከትራስ ሥር የምታወጣው ድምፅ ፈልጋ ነው። ያ ስክሪን ቤተ ክርስቲያኗ ነው። እዚያ የምትሰማው፣ ያለችበት ጭንቅ የማይፈታው ዘር ስላልዘራች ነው የሚል ከሆነ፣ ከአሠሪዋ በደል ላይ የጥፋተኝነት ሸክም ተጨመረባት። ሰጥታ ሳይሆንላት ሲቀር ደግሞ የሚወቀሰው ሻጩ አይደለም፤ የእሷ እምነት ነው። የትኛውም የዓለም ነጋዴ ዕቃው ሳይሠራ ሲቀር ገዢውን አይወቅስም። ይህን ኃጢአት ነው ከማለት የቀለለ ቃል የለኝም።

በመዝሙሩ መካከል የሚገባው ማስታወቂያ

ዩቲዩብ ሌላ ሥርዓት ነው። አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ሙሉ ገቢ ለማግኘት በተለመደው መንገድ 1,000 ተከታይና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት እይታ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በረጅም ቪዲዮዎቹ ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለቻናሉ ነው። 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ በሆነ ቪዲዮ መካከል ላይም ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል። የአንድ ሰዓት ስብከት ብዙ ማስታወቂያ የሚሸከመው ለዚህ ነው። በዚህ ሥርዓት የሚሸጠው የተመልካቹ ትኩረት ነው። በቪዲዮው ፊት ላይ በቀይ የተጻፈው ሰበር፣ የሚያለቅሰው ፊት፣ አንዱ አባት ሌላውን ገሠጹ የሚለው ርዕስ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው፤ ጠብ ከትምህርት ይበልጥ ይታያል።

በጸሎት መካከል የውርርድ ማስታወቂያ ሲገባ ብዙ ሰው ዩቲዩብን ይወቅሳል። ከፊሉ ልክ ነው፤ ከ2020 ወዲህ ዩቲዩብ ገቢ በማያገኙ ቻናሎች ላይም ማስታወቂያ ማሳየት ጀምሯል። ገቢ የሚያገኝ ቻናል ግን የማይፈልጋቸውን የማስታወቂያ ዓይነቶች የሚያግድበት ቅንብር አለው፤ በቪዲዮው መካከል የት ቦታ ማስታወቂያ እንደሚገባም መምረጥ ይችላል። ጸሎት በማስታወቂያ የሚቋረጥበትን ቻናል ባለቤት በትሕትና መጠየቅ ይቻላል፤ አንዳንዱ ቅንብሩ መኖሩን አያውቅም።

ከመስጠት በፊት

በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። ሴናተር ቸክ ግራስሊ በ2007 የስድስት ታዋቂ የቴሌቪዥን አገልግሎቶችን የገንዘብ አያያዝ መመርመር ጀምረው በ2011 ማንም ሳይቀጣ ምርመራው ተዘጋ። ሕጉ አልተለወጠምና ከመንግሥት ብዙ አትጠብቁ። ነገር ግን አገልግሎቱ የተመዘገበው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ከሆነ በየዓመቱ ፎርም 990 የተባለውን ሪፖርት ያቀርባል፤ ሙሉው ቅጽ የኃላፊዎቹን ክፍያ ጭምር ያሳያል፤ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽም ያለ ክፍያ ይገኛል። በእንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ በበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ መዝገብ የድርጅቱን ገቢና ወጪ ማየት ትችላላችሁ። ሰጪው ስሙን አስገብቶ ለመፈለግ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

በቤተ ክርስቲያንነት የተመዘገበው ግን አሜሪካ ውስጥ ይህን ቅጽ የማቅረብ ግዴታ የለበትም። ያን ጊዜ ደውሎ ወይም ጽፎ በቀጥታ መጠየቅ ነው፦ ባለፈው ዓመት ለአየር ሰዓት ስንት ተከፈለ፣ ለአገልጋዩ ስንት ተከፈለ፣ ሒሳቡንስ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ማን መረመረው?